ኦፕራሲዮን ሆና የተመለሰች ሴት እግሯ ውስጥ ደም እንዳይረጋ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነገረ፤ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ)



ስለ መንገዱ ጠጠርና ስለ መዋጮው ከመነጋገራችን በፊት አንድ ሌላ ጉዳይ አስቀድመን እናነሣለን። ጉዳዩ የሴቶች ነው ተብሎ ወንዶች ወደ ደጅ እንዳትወጡ አደራ እንላለን። ቃሬዛ የሚሸከመውም፣ መኪና የሚፈልገውም፣ «ተኚ፣ አትነሺ» ብሎ የሚቆጣውም ወንዱ ነውና።

እንደሚታወቀው ከእኛ ከመካነ ሰላምና ከዙሪያው፣ ከወግዲም፣ ከከላላም፣ ከሳይንትም አያሌ እናቶችና እኅቶች የማህፀን ኦፕራሲዮን ይሆናሉ። አንዷ በኦፕራሲዮን ትገላገላለች። አንዷ ማህፀኗ ወደ ውጭ ወርዶባት ለዓመታት ደብቃ፣ እንጨትና ውሃ እየተሸከመች ኖራ፣ በመጨረሻ ለሐኪም ታሳያለች። ሌላዋ ዕጢ ይወጣላታል፤ ወይም ማህፀኗን ራሱን ሐኪም ቆርጦ ያወጣዋል። እዚሁ ከተማችን ሆስፒታል የምትታከም አለች፤ ወደ ደሴ የምትላክም አለች። ቤቷ ስትገባ «እንኳን ማረሽ» እንላለን፣ ገንፎውም አጥሚቱም ይሠራል፣ ነገሩ አለቀ ብለን እፎይ እንላለን።

ነገሩ ግን እዚያ ላይ አያልቅም። ዛሬ የምንናገረው ስለ ሆዷ ቁስል አይደለም፤ ስለ እግሯ ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ በእግር ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ከተነቀለ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ዋናውን የደም መንገድ ከዘጋ፣ ቁስሏ የሻረላት፣ ደኅና የነበረች ሴት በደቂቃዎች ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ይህ ድንገት የመጣ መዓት ወይም የሰው ዓይን አይደለም፤ ምክንያቱ የታወቀ፣ መከላከያውም የታወቀ ነው።

አሠራሩን እንደገባን እንናገር። ደም ከልብ ወደ እግር ሲወርድ ልብ ራሱ ይገፋዋል። ሲመለስ ግን ዳገት ነው። ዳገቱን የሚያወጣው የእግራችን ባት ነው። ስንራመድ ባታችን ይኮማተርና ደም መልሱን ይጨምቀዋል፤ ደሙም ወደ ላይ ይሄዳል። በደም ሥሩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ መዝጊያዎች ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይከለክሉታል። ሰው ሲተኛ ባቱም አብሮ ይተኛል። ደሙ ይዘገያል። ወተት ሳይነካ ሲያድር እንደሚረጋ ብንል፣ ነገሩ በትክክል አንድ ባይሆንም ለመረዳት ያህል ይበቃል።

ይህን ነገር አጥንቶ ያስረዳው ሩዶልፍ ፊርኾ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ። ሳንባ ውስጥ የሚገኘው የረጋ ደም እዚያው የተፈጠረ ሳይሆን ከእግር ተነሥቶ የሄደ መሆኑን አሳየ። ዛሬም ሐኪሞች ሦስት ምክንያት ይቆጥራሉ፤ የደም መዘግየት፣ የደም ሥር መጎዳት፣ ደሙ ራሱ ለመርጋት መቸኮሉ። ኦፕራሲዮን የሆነች ሴት ላይ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ። ትተኛለች፤ በዳሌዋ ውስጥ ያሉ የደም ሥሮች በሥራው ጊዜ ይነካሉ፤ ሰውነቷም መድማትን ለማቆም ሲል ደሙን ለመርጋት ያዘጋጀዋል። የወለደች ከሆነችማ እርግዝናው ራሱ ደሙን አስቀድሞ ለመርጋት የተዘጋጀ አድርጎት ቆይቷል።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙን። አደጋው የሚበዛው ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለ ነው ብለን የምናስብ ብዙዎች ነን። እንደዚያ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከ900 ሺህ በላይ በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት አለ። ሐኪም ቤት ተኝተው ኦፕራሲዮን የሆኑ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በደም መርጋት ታመው ሆስፒታል የመግባታቸው ነገር ኦፕራሲዮን ካልሆኑት 70 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሥጋቱ ከፍ ብሎ የታየው ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንትም ድረስ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ሦስተኛው ሳምንት! ያን ጊዜ ሴትዮዋ የት ናት? ሐኪሙ ዘንድ አይደለችም፤ ነርሷም አታያትም። እኛ ዘንድ ናት። በእኛ ሰፈር፣ በእኛ ጋቢ ተጠቅልላ፣ ከእኛ ምድጃ አጠገብ ተኝታለች። ስለዚህ ነው ይህ ጉዳይ የሐኪም ቤት ብቻ ሳይሆን የማኅበር ጉዳይ ነው ያልነው።

እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ከፍቅር የተነሣ እናስተኛታለን። አገራችን ደጋ ነው፣ ብርዱ ይታወቃል፤ ቀና ስትል «ብርድ ይመታሻል!»፣ እግሯን መሬት ስታስነካ «እረፊ እንጂ እቴ፣ ስፌትሽ ይፈታል!» እንላለን። ሽንቷን እንኳ በፖፖ እናስቀምጣታለን። አራስ ከሆነች ደግሞ አርባ ቀን ከአልጋ ባትወርድ ደስ የሚለን አለን። ልብ በሉ፤ ከወሊድ በኋላ የደም መርጋት ሥጋት በብርቱ የሚቆየው ስድስት ሳምንት ያህል ነው ይባላል። ስድስት ሳምንት ማለት ያው አርባ ቀን ማለት ነው። አራስን መንከባከብ መልካም ባህላችን ነው፤ ይቀጥል። ማረስ ግን መጋደም ማለት አይደለም።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ። በውጭ አገርም ጥንት ኦፕራሲዮን የሆነች ሴት ሁለትና ሦስት ሳምንት ከአልጋ እንዳትወርድ ይደረግ ነበር፤ ያውም በሐኪም ትእዛዝ። እ.ኤ.አ. በ1899 በቺካጎ ከተማ ኤሚል ሪስ የተባለ የሴቶች ሐኪም ኦፕራሲዮን ያደረጋቸውን ሴቶች ቶሎ ማስነሣት እንደሚሻል ጽፎ አወጣ፤ የሚሰማው ግን ብዙ አልነበረም። በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አልጋና አስታማሚ ሲያጥር በሽተኛው ሁሉ በግድ ቶሎ ተነሣ፤ ያን ጊዜ መነሣቱ የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አለመሆኑ በብዙ ቦታ ታየ። ስፌቱም አልተፈታ።

ከአገራችንም ምስክር አለን። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል መክፈታቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በባሕር ዳርም ቅርንጫፉ ተከፍቷል። ወደ እነርሱ ከሚሄዱት ሴቶች ውስጥ ሽንቱ ይቆም ይሆናል በማለት ለረጅም ጊዜ ተኮራምተው በመተኛታቸው እግራቸው አልዘረጋ ያላቸው ይገኛሉ። ሐኪሞቹ ቀዳዳውን መስፋት ብቻ አልበቃቸውም፤ እግር የሚያፍታታ፣ መራመድ መልሶ የሚያስተምር ባለሙያ መድበው ያሠሯቸዋል። ያ የደም መርጋት ሳይሆን ሌላ ጉዳት ነው። ቢሆንም መተኛት ብቻውን እግርን ምን እንደሚያደርግ ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ትነሣ። ሐኪሙ ተነሽ ባለበት ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ፣ ሰው ደግፏት ትነሣ። ቤቷ ከገባች በኋላ ቀን ቀን በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነሥታ ጥቂት ትራመድ። መጀመሪያ ከአልጋዋ እስከ በር፣ ቀጥሎ ከበር እስከ አጥር፣ ከዚያ እስከ ጎረቤት። ሽንት ቤት በእግሯ ትሂድ። ቡና ሲፈላ ደግሞ በርጩማ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ከአቦል እስከ በረካ አትቀመጥ። አቦል ከተጠጣ በኋላ ተነሥታ ግቢውን ዞር ትበል፣ ቶናን ጠጥታም እንዲሁ። ይህን ያሉን አንዲት የሰፈራችን ባልቴት ናቸው፤ ሰዓት ለሌለው ቤት ከዚህ የተሻለ ደወል አላገኘንም።

መነሣት ያልቻለች እንደሆነ ተኝታም ቢሆን እግሯን ታሠራ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ሲረግጥ አይታችኋል፤ ጣቱ ሲወርድ ተረከዙ ይነሣል፣ ተረከዙ ሲወርድ ጣቱ ይነሣል። ልክ እንደዚያ ነው። በየሰዓቱ አሥር አሥር ጊዜ ብታደርገው ባቷ ደሙን ይገፋላታል። ከጉልበቷ ሥር ትራስ አታስገቡላት፤ እግሯንም አጣምራ አትቆይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታ። ትራመድ አልን እንጂ ትሸከም አላልንም። በተለይ ማህፀኗ ወርዶ የተሠራላት ወይም ማህፀኗ የወጣላት ሴት ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ ሐኪሙ ካዘዘም ከዚያ በላይ፣ ጀሪካን ማንሣት የለባትም፤ እንጨት መሸከምም፣ ከባድ ምጣድ ማንሣትም እንደዚሁ። «መራመድ ከቻልሽማ ውሃ ቅጂ» የሚል ባል ቢገኝ ማኅበሩ ያነጋግረዋል። ይህን የምንለው ለቀልድ አይደለም።

ውሃ ትጠጣ። ሰውነት ሲደርቅ ደም ይወፍራል። ጾም ሆኖ ያልጠጣች፣ ረመዳን ሆኖ ያልቀመሰች ብዙ ናት። በሁለቱም ሃይማኖት በኩል የታመመ ሰው አለመጾም እንደሚችል አባቶች ያስተምራሉ። ራሷ ለመጠየቅ ብታፍር እንኳ ቤተሰቡ የነፍስ አባቷን ወይም ሼሁን ጠርቶ በፊቷ ይጠይቅላት፤ ከእነርሱ አፍ ስትሰማ ልቧ ያርፋል።

የመንገዱም ነገር አለ። ከደሴ በአቀስታ በኩል እዚህ እስኪደረስ ስንት ሰዓት ቁጭ እንደሚባል የተሳፈረበት ሁሉ ያውቀዋል። ኦፕራሲዮን የሆነች ሴት በቅጥቅጥ አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ፣ እግሯ ሥር ጆንያ ተደፍኖ፣ ሳትነቃነቅ መምጣቷ ለእግሯ ጥሩ አይደለም። ሾፌሩን መለመን፣ ካልሆነ ሁለት ወንበር መክፈል ነው። መኪናው በቆመ ቁጥር ትውረድ፣ ትራመድ፤ ተቀምጣም እንደ ልብስ ሰፊው እግሯን ትርገጥ። መንገድ ላይ ሽንት እንዳይመጣብኝ ብላ ውሃ ሳትጠጣ የምትሳፈር አለች። ይህም ይቅር። አስታማሚዋ ሾፌሩን ያስቁምላት፤ ያሳፍራል የሚባል ነገር የለም።

ለአንዳንዷ ሴት ግን መራመድ ብቻውን አይበቃም። ዕድሜዋ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነች፣ በጣም የወፈረች፣ ካንሰር የተገኘባት፣ ከዚህ በፊት እግሯ ውስጥ ደም ረግቶ የሚያውቅ ወይም እናቷና እኅቷ እንዲህ የሆኑባት፣ የእግሯ ደም ሥር የተቆጣጠረ፣ ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ፤ እነዚህ ሁሉ ይህንን ለሐኪሙ ከኦፕራሲዮኑ በፊት መናገር አለባቸው። ሐኪሙ መዝኖ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መርፌ ያዝላቸዋል። ሄፓሪን ይባላል፤ ኢኖክሳፓሪን የሚባለውም የዚያው ዘር ነው። የሚወጋው በአብዛኛው ሆድ ላይ፣ ከቆዳ ሥር ነው። ቪጃይ ካካር የተባሉ በለንደን ይሠሩ የነበሩ ሐኪም ከብዙ አገር ሐኪሞች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡትን ውጤት እንንገራችሁ። ከአርባ ዓመት በላይ የሆናቸው 4,121 የኦፕራሲዮን በሽተኞች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ትንሽ ትንሽ ሄፓሪን ተወጉ፣ ግማሾቹ አልተወጉም። ሬሳ ተመርምሮ በሳንባ ውስጥ በገባ የረጋ ደም መሞታቸው የተረጋገጠው ካልተወጉት 16፣ ከተወጉት 2 ሆኑ።

መርፌው ከታዘዘ ይጨረስ። «ደኅና ነኝ» ተብሎ በመካከል አይቆምም። ለካንሰር ኦፕራሲዮን የሆነች ሴት አራት ሳምንት ያህል ሊታዘዝላት ስለሚችል ቤቷ ከገባች በኋላ ማን እንደሚወጋት ከሐኪም ቤት ሳትወጣ ይጠየቅ። ደም ከብልቷ በኃይል ከፈሰሰ ወይም ከቁስሏ ከደማ ግን ቶሎ ወደ ሐኪም ትመለስ፤ መድኃኒቱ ደም ያቀጥናልና። በራስ ፈቃድ አስፒሪን ገዝቶ መጨመርም አይሆንም።

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። ይህ መርፌ የሚሠራው በብዛት ከአሳማ አንጀት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ የማይበላበት አገር ነውና ይህን በወሬ የሰማ ሰው ለማንም ሳይናገር መድኃኒቱን እንዳይተው ብለን ነው በግልጽ ያነሣነው። ኅሊናው የከበደው ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ የሃይማኖት አባቱንም ይጠይቅ። ከአሳማ ያልተሠራ መድኃኒትም አለና ሐኪሙ በእጁ ካለው ይመርጣል። የሚያስቆጣን መጠየቁ አይደለም፣ ተደብቆ መተዉ ነው።

ምልክቱን ደግሞ ሁሉም ይወቅ፤ ልጆችም ሳይቀሩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያብጠው አንድ እግር ነው። ባቱ ያማል፣ ሲዳሰስ ይሞቃል፣ ይወጠራል። ቀይ ይሆናል የሚባለውን በእኛ ቆዳ ላይ አትጠብቁት፤ ላይታይ ይችላል። ዓይን ከሚያታልል ክር ይሻላል። ከጉልበቷ በታች በአንድ ርቀት ላይ የሁለቱን ባቶች ዙሪያ በክር ለኩ። አንዱ ከሌላው በሦስት ሴንቲ ሜትር፣ ማለት በሁለት ጣት ያህል ከበለጠ ለነገ አይባልም፣ ሐኪም ቤት ነው። ክሩ እኩል ሆኖ ሕመሙ ካለም መታየት አለባት። ሳንባ የገባ እንደሆነ ደግሞ ድንገት ትንፋሽ ያጥራታል፣ አየር ስትስብ ደረቷን ይወጋታል፣ ልቧ ይመታል፣ ደም ያስላታል ወይም ራሷን ትስታለች። ይህ ሲሆን «ምች ነው»፣ «ብርድ ነው» እየተባለ ዳማከሴ የሚታሽበት ጊዜ የለም። በዚያው ደቂቃ መኪና ይፈለግ።

ያበጠውን እግር ማሸት ፈጽሞ ክልክል ነው። ወጌሻዎቻችንን እናከብራለን፤ ወለምታና ስብራት ስንቱን አድነዋል። በዚህ ግን እጃቸውን እንዲሰበስቡ በማኅበሩ ስም እንለምናለን። በቅቤ ሲታሽ የረጋው ደም ሊነቀል ይችላል፤ ዋግምትም አይሆንም፣ እግሩን በጨርቅ ማሰርም አይሆንም። ከጎረቤታችን አንዲት እናት፣ ቤተሰቡ ስሟ እንዳይነሣ ጠይቆናል፣ ማህፀኗ በወጣ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ግራ እግሯ አበጠ። ቅቤው ቀልጦ፣ ወጌሻው እጅጌውን ሰብስቦ ተቀምጦ ነበር። ነርስነት የምትማር የጎረቤት ልጅ ገብታ «አባባ፣ እባክዎ አይንኩት» አለቻቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ እንዲያውም መኪና እስኪመጣ ድረስ አብረው ጠበቁ። ሐኪም ቤት ሲታይ ደም ረግቷል። መርፌ ተወጋች፣ ቀጥሎ ክኒን ወሰደች፣ ሕክምናው ሦስት ወር ፈጀ። ዛሬ እዚህ ስብሰባ ላይ አለች።

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። ማኅበራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለቤተሰቡም ገንዘብ ያወጣል። ለታመመ ሰው መኪና ግን አንድም ሳንቲም አያወጣም፤ ደንቡ ላይ የለም። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ኦፕራሲዮን የሆነች ሴት ምልክቱ ሲታይባት የመኪናው ኪራይ ከማኅበሩ ገንዘብ ወዲያው እንዲከፈልና ቤተሰቡ ሲችል እንዲተካው ነው። የጤና መድህን ደብተር ያለው ደብተሩን ይዞ ይሂድ፤ ደብተሩ ግን መኪና አያመጣም። «ገንዘቡ ያልቃል» የሚል ተቃውሞ ከወዲሁ ሰምተናል። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ለጉባኤው ይቀርባል፤ ያን ጊዜ እያየን እንነጋገራለን። ደንቡ የሚሻሻለው በእጅ ብልጫ ስለሆነ ዛሬ ድምፅ ይሰጥበታል።

ሁለተኛው፣ ኦፕራሲዮን ሆና የገባች ሴት ባለችበት ቤት ለስድስት ሳምንት ሁለት ጎረቤቶች ይመደባሉ። አንዷ ጠዋትና ማታ መጥታ አብራት ትራመዳለች፣ ባቷንም በክር ትለካለች። ሌላው፣ ወንድም ቢሆን፣ ውሃ ይቀዳል። ጠያቂዎችም ስትመጡ ቁጭ ብላችሁ «ተኚ» ከምትሏት ይዛችኋት ግቢውን አዙሯት። በዚህ ሥራ ለመመደብ የምትፈልጉ ስማችሁን እስከ ወር መጨረሻ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ እስካሁን የተመዘገቡት ሴቶች ብቻ ናቸው።

ቃሬዛው በማኅበሩ ዕቃ ቤት ይገኛል። አዲስ ነው፤ ለቀብር የምንጠቀምበት አይደለም፣ ስለዚህ ማንም ቅር እንዳይለው። ቁልፉ ሌሊትም ቢሆን ዘበኛው ዘንድ አለ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት